ዛሬ በነሱ ስንት ነው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አንድ ብቻ ነው፤ የኛው። ከሃያ ስምንት ዓመት በላይ የኖርኩት በሁለት ነበር። በግራ የኛ፣ በቀኝ የነሱ። ጠዋት ስነቃ ቢስሚላህ ካልኩ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ተኝቼ እንዳለሁ ቀን መደመርና መቀነስ ነበር። አሁን ቀኑ ሲጠፋብኝ ጎረቤቴን እጠይቃለሁ፤ እሷም ካላወቀች ሁለታችንም ሳናውቅ እንውላለን። ነገሩ ይህን ያህል እንደሚያሳርፍ ማንም አልነገረኝም።

ኸይሪያ እባላለሁ፤ የመሳለሚያ ልጅ ነኝ። አባቴ ገመድና ሲባጎ ይሸጥ ነበር። እኔ ግን የዕድሜዬን እኩሌታ የፈጀሁት በአንድ የባሕር ማዶ አገር ኤምባሲ፣ በቆንስላ ክፍል፣ መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ ነው። አገሩን በስም አልጠራም። ስቀጠር እንዳልጠራ ፈርሜያለሁ፤ እኔ ደግሞ የፈረምኩትን የማከብር ሰው ነኝ። ሥራዬ እዚህ የሚኖሩትን የዚያን አገር ዜጎች ማገልገል ነበር። ዜጋ ስላችሁ ፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የኔዎቹ አብዛኞቹ ወጣትነታቸውን እዚያ ሠርተው፣ ፓስፖርቱን ይዘው፣ ተመልሰው መርካቶ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ፓስፖርታቸውን በሦስት ፌስታል ጠቅልለው ከሸቀጥ ሥር ይደብቁታል፤ ሲፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የተቀጠርኩትም ለትምህርቴ ተብሎ አይመስለኝም። የነሱ ቅጽ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጠይቃል። የኔ ሰው ደግሞ አድራሻ ሲባል «መሳለሚያ ታክሲ ወርደሽ፣ ፎቁ ሥር ካልሲ የሚሸጠውን ሰውዬ ጠይቂ፣ እሱ ያሳይሻል» ይላል። ካልሲ የሚሸጠውን ሰውዬ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ደመወዙ ክፉ አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን አያልቅም ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ቆንስሎቹ በየሦስት ዓመቱ ይቀያየራሉ። አንዱ እንጀራ ወዶ ይሄዳል፣ አንዱ መንገዱን አማርሮ ይሄዳል፤ በአማርኛ ትንሽ መግባባት ሲጀምሩ ሻንጣ ያነሣሉ።

የማይቀያየሩት እትዬ አልማዝ ነበሩ። ከኔ በፊት በዚያ መስኮት ላይ የቆዩ፣ ጎጃም በረንዳ የሚኖሩ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ቁጭ አድርገው ግን አላስተማሩኝም፤ እያየሁ ነው የለቀምኩት።

በምርጫ ጊዜ ዜጎቹ ድምፃቸውን በፖስታ አሽገው በኛ በኩል ይልካሉ፤ ያኔ የሳቸው ሥራ ከእጅ መታጠብ ይጀምራል። ኮሮና የሚባል ስም በጆሯችን ሳይገባ ገና፣ ፖስታ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው በነጭ ፎጣ ያደርቁ ነበር። የምሳ ወጥ የነካ ጣት በሰው ድምፅ ላይ ምልክት እንዳይተው ነው። መራጩ ወረቀቱ ላይ ምልክት ሊያደርግ ሲል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ ጨርሻለሁ እስኪባሉ ቢያስላቸው እንኳ አይዞሩም። የታሸገውን ፖስታ ከታች ወደ ላይ ያነባሉ፦ መጀመሪያ የምስክሩን ፊርማ፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ የመራጩን ፊርማ፣ መጨረሻ ላይ ስሙን። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ከላይ ስትጀምሪ የምታውቂውን ስም ታዪና ሌላውም ልክ ይመስልሻል አሉኝ።

ከሁሉም በላይ ግን ያቺ ወረቀት ነበረች። እትዬ አልማዝ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ቀን በነሱ አቆጣጠር በወፍራም ማርከር ጽፈው ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ይለጥፏታል። የኛ ሰው ፓስፖርት ቢለውጥም እጁ የለመደው የኛን ቀን ነው፤ ቀን ጻፍ ሲባል ሳያስብ የሚወጣው ያ ነው። ወረቀቷ ያለችው ለዚያ ነው፤ ሰዉ ጣቱን እያሳረፈባት ይገለብጣል። ጡረታ ሲወጡ ሌላ ስጦታ አልሰጡኝም። ማርከሩን ሰጡኝ።

የጤና ማሳሰቢያ መተርጎምም የኛ ሥራ ነበር። አተት ሲነሣ፣ ማጅራት ገትር ሲወራ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጽሑፍ ይመጣል፤ እኛ ለዜጎቹ በአማርኛ እንበትነዋለን። ገና አዲስ ሳለሁ አንዱን ቃል በቃል ተርጉሜ ሰው ከሚበዛበት ሥፍራ ራቁ ብዬ ጻፍኩ። እትዬ አልማዝ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ቆይተው «ይኼን የምትልኪው መርካቶ ላለ ሰው ነው?» አሉኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ አብረን እንደገና ጻፍነው። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ከአትክልት ተራ የመጣ ቅጠል ሳይታጠብ አይበላ፣ ገበያ የግድ ከሆነባችሁ በማለዳ ጨርሳችሁ ግቡ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ አትቀመጡ፣ በሩን ክፈቱት። ሰውየው ሊፈጽመው የማይችለውን ምክር መላክ ወረቀት ማባከን መሆኑን ያኔ ተማርኩ።

ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ሥራው ይለወጣል። ያ አገር ውጭ የሚኖር ዜጋው በፖስታ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ወረቀቱ ይመጣል፣ ሰውየው ምልክት ያደርጋል፣ በትንሿ ፖስታ ያሽጋል፣ ትንሿን በትልቁ ይከታል፣ በትልቁ ላይ ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን ይጽፋል፤ ምስክር ደግሞ ይፈርምበታል። ምስክሯ እኔ ነኝ። የመርካቶ ዜጎች ብዙ ስለሆኑና ሱቅ ዘግቶ ኤምባሲ መሄድ ስለማይሆንላቸው፣ መሳለሚያ አጠገብ ያለ ፎቅ ላይ አዳራሽ ለአንድ ቀን እንከራያለን። ይህንን የጀመሩት እትዬ አልማዝ ናቸው።

በዚያ ቀን ሁልጊዜ ከሰልፉ መጀመሪያ የሚገኙት ሐጂ ነስሩ ነበሩ። ዱባይ ተራ ጫማ አከፋፋይ ናቸው። በጉብዝናቸው በዚያ አገር ወደብ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ መርከብ ጠግነዋል። ለምርጫው ቀን ብቻ የሚለብሱት ግራጫ ካፖርት አላቸው። አንድ ጊዜ፣ ሐጂ እንደ እርስዎ የሚቸኩል አላየሁም ብዬ ብቀልድባቸው አልሣቁም።

«እዚህ እኖራለሁ፣ አልመርጥም። እዚያ እመርጣለሁ፣ አልኖርም» አሉኝ። «ያቺን ፖስታ ካጣሁ የየትም አይደለሁም፣ ኸይሪያ።»

እውነታቸውን ነው። የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚህ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይሰጠዋል፤ ይሠራበታል፣ ይኖርበታል፣ ድምፅ ግን አይሰጥበትም። ከዚያ ቀን በኋላ የሳቸውን ፖስታ ስቀበል እጄ ትንሽ ይጠነቀቅ ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ምርጫውም አልቀረ። ድምፅ የሚሰበሰብበትን ቀን ሰርዙ የሚል ትእዛዝ አልመጣም፤ ተጠንቅቃችሁ አድርጉ የሚል መጣ። የዚያን ጊዜው ቆንስል ወጣት፣ ለሰው የሚጨነቅ፣ ለጀርም ደግሞ ከሰው በላይ የሚጨነቅ ሰው ነበር። አዳራሹን ትተን የፎቁ ግቢ ውስጥ ወንበር በሁለት እርምጃ አራርቀን ደረደርን። ሰው ሁሉ የራሱን እስክሪብቶ ይዞ ይመጣል። ፖስታ በምላስ ማሸግ ቀረ፤ እርጥብ እስፖንጅ በሳህን አቀረብን። ሳኒታይዘር ያልደረቀበት እጅ ቀለሙን እንደሚያበላሸው በአንድ ፖስታ ስላየሁ፣ ሰዉን ሁሉ ከመፈረሙ በፊት እስከ ሃያ አስቆጥር ነበር። ትልልቅ ነጋዴዎች እጃቸውን እያራገቡ ሲቆጥሩ ማየት በዚያ የፍርሃት ወቅት ትንሽ አሥቆናል።

ቆንስሉ ጠረጴዛውን ሲቃኝ ያቺን የቀን ወረቀት አያት። ሰው ሁሉ ይነካታል፤ ይቺስ አለኝ። ልክ ነበር፣ ይነኳታል። ከፍ አድርጌ ግድግዳ ላይ ልለጥፋት እችል ነበር፤ በካርቶን ላይ ጽፌ በርቀት ላቆማት እችል ነበር። ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማስበው። ያን ዕለት ግን ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል፣ ጭምብሉ መነጽሬን በእንፋሎት አልብሶታል፤ ወረቀቷን ልጬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት። ወጣቶቹ ቀኑን ከስልካቸው አዩ። ሐጂ ነስሩ ግን ስልካቸውን የሚያወጡት ለመደወል ብቻ ነው። ወንበራቸው ላይ ሆነው በጉልበታቸው ላይ ጽፈው አመጡልኝ። እኔም ስማቸውን ከላይ አየሁ፣ ካፖርታቸውን አየሁ፣ ደስ አለኝ፣ ፈረምኩ። ከታች አልጀመርኩም።

ደብዳቤው ከሦስት ሳምንት በኋላ በኢሜይል መጣ። የሐጂ ነስሩ ፖስታ ተቀባይነት አላገኘም፤ የተፈረመው ምርጫው ከመታወጁ ከሰባት ዓመት በፊት ነው ይላል። የኛን ዓመት ነው የጻፉት። ተወዳዳሪዎቹ ገና ሳይታወቁ ሐጂ መርጠዋቸው ተገኙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሥቅ ነበር። ከሥሩ፣ መራጩ በምስክር ፊት ማረሚያ ቅጽ ፈርሞ እስከ ነገ ማታ በስካን ከላከ ድምፁ ይቆጠራል ይላል። በስልክ የተነሣ ፎቶ አይቀበሉም። ከዚያን ቀን ፖስታዎች ሁሉ የተመለሰችው እሷ ብቻ ነበረች፤ የኔ ፊርማ ያለባት፣ የሳቸው።

ሐጂ ቤት ብደውል ሴት ልጃቸው ፈቲያ አነሣች። አባቷ ኮሮና ይዟቸው ላይኛው ክፍል ለብቻቸው ተኝተዋል፣ ሐኪም ማንም እንዳይገባ ብሏል። ምን ፈልጌ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ለጤናቸው ነው የደወልኩት ብዬ ዘጋሁ። ዋሸሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ አድርጌ መተው በልቤ መጥቶ ነበር። የታመመ ሰው ምን ያስጨንቁታል፣ እሳቸውም እንደተቆጠረ አምነው ይኖራሉ፣ ማን ያውቃል አልኩ።

ለእትዬ አልማዝ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወረቀቷን መጣሌን፣ ከላይ መጀመሬን፣ ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ልተወው ማሰቤን። አልተቆጡኝም። «ለሰውየው ነግረሻቸዋል?» አሉ። አይ፣ ታመዋል አልኩ። «ፖስታው ያንቺ አይደለም፣ የሳቸው ነው» አሉኝ። «ሂጂና ንገሪያቸው።»

ቆንስሉን አስፈቀድኩ። ደጋግሞ ካሰበ በኋላ፣ ከበሩ እንዳታልፊ ብሎ ፈቀደልኝ። በማግስቱ ጠዋት ቅጹን በፕላስቲክ ሸፍኜ፣ አዲስ እስክሪብቶ፣ ሳኒታይዘርና ከአባቴ ዕቃ የተረፈ አንድ ጥቅል ሲባጎ ይዤ መሳለሚያ ሄድኩ። ቤታቸው የጥንት ነው፤ ታች ድንጋይ፣ ላይ እንጨት፣ ወደ መንገዱ የወጣ በረንዳ ያለው። ፈቲያ ከበሩ ራቅ ብላ ጠበቀችኝ። ቅጹ ከምስክር ዓይን እንዳይርቅ ሲባጎውን ብቻ በራቸው ሥር ትታላቸው ወረደች። እሳቸው ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ጭምብል አድርገው በረንዳው ላይ ወጡ። ከዚያ ካፖርት ከሚለብሰው ሰውዬ የቀረው ግማሹ ነው።

መንገዱ ሰው ነው፤ ተሸካሚው፣ ታክሲው፣ ጡሩምባው። እዚያ መሐል ጮክ ብሎ የሰውን ምስጢር መናገር አይቻልም። ስለዚህ እኔ ከታች፣ እሳቸው ከላይ፣ እየተያየን በስልክ አወራን። ድምፅዎ ተመልሷል አልኳቸው። ስልኩን በአንድ እጃቸው እንደ ያዙ ሌላውን የበረንዳው እንጨት ላይ ጣሉ።

«ስሜን አይተው ነው የመለሱት?» አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም። ሃያ ዓመት መርከባቸውን ጠግነው፣ ፓስፖርታቸውን ይዘው፣ በልባቸው ይህን ጥያቄ ይዘው ኖረዋል ማለት ነው። በራሴ ተቆጣሁ።

«የለም ሐጂ። ቀኑ ነው» አልኳቸው። «የኛን ቀን ጻፉ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው። የቀኗን ወረቀት ከጠረጴዛው ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ ምስክር ሆኜ ሳላነብ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

«ቀን ብቻ ነው?»

«ቀን ብቻ ነው።»

ሣቁ። ሣቁ ወደ ሳል ተለወጠና ፈቲያ ከታች ደነገጠች፤ እሳቸው ግን በእጃቸው ምንም አይደለም አሏት። ቀን ብቻ ነው ይላሉ ለራሳቸው፣ ደግመው ደጋግመው። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ እሳቸው ግን ከኔ የወሰዱት ሌላ ነገር ነው። ምን ያህል ዓመት ተሸክመውት የነበረ ነገር እንደ ወረደላቸው አላውቅም።

ሲባጎው ወረደ። ቅጹን፣ እስክሪብቶውንና ሳኒታይዘሩን በፌስታል አድርጌ አሠርኩት፤ የገመድ ነጋዴ ልጅ ቋጠሮ አይቸግራትም። ስልኩን በትከሻዎ ይያዙት፣ እጅዎን ይቀቡ፣ እስከ ሃያ ይቁጠሩ አልኳቸው። ቆጠሩ። ቀኑን በነሱ አቆጣጠር ቁጥር በቁጥር ነገርኳቸው፣ ጻፉ። ፈረሙ፤ ሲፈርሙ ከታች ሆኜ አየኋቸው። ከታች ወደ ላይ ያንብቡልኝ አልኩ። አነበቡልኝ። መንገደኛው ሽቅብ እያየ ያልፋል፤ አንዲት ሴት፣ ሐጂ የዱቤ ወረቀት እየፈረሙ ነው እንዴ ብላ ፈቲያን ጠየቀቻት። ፌስታሉ ሲወርድ ሳኒታይዘር ረጭቼ፣ እጄን አድርቄ፣ የምስክሩን ቦታ ራሴ ሞላሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ታክሲ ውስጥ አራተኛ፤ ቢሮ እንደ ገባሁም ስካን አድርጌ ላክኩት።

መልሱ በሁለት ቀን መጣ፤ አንድ መስመር ነው፤ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል። ስደውል ሐጂ ለመናገር ይደክማቸው ነበር። ፈቲያ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው፤ ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ፣ እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። በወሩ ሱቃቸው ተመለሱ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ያቺ ወረቀት ከፍ ብላ ግድግዳ ላይ፣ ከሰው እጅ ርቃ፣ ከሰው ዓይን ሳትርቅ ነበረች። ሁለቱንም ጥንቃቄ ባንድ ላይ ማድረግ እንደሚቻል ተማርኩ፤ ብቻ ዘግይቼ ተማርኩ። ማታ ማታ ግን ፖስታ በህልሜ አይ ነበር። የሆነ ቦታ ሳላየው ያለፍኩት ቀን አለ እያልኩ እነቃለሁ። የጡረታ ወረቀቴን ስፈርም ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ይህ ጭንቀት መቅረቱ ነው።

አሁን ሥራው ተለውጧል። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በኢሜይል ይመጣል፣ ሰው ቤቱ ያትመዋል፣ ምስክርም ማንኛውም አዋቂ ሰው ሊሆን ይችላል። የመሳለሚያው አዳራሽ ቀርቷል፤ መስኮት ቁጥር ሁለትም ተዘግቷል አሉ። ባለፈው ምርጫ አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ፤ ሐጂ ነስሩ ናቸው። ምስክር ያስፈልጋቸዋል። ፈቲያ አለች አይደል እንዴ ብላቸው፣ አንቺ ነይ አሉኝ።

ዱባይ ተራ ሄድኩ። ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል፣ በጫማ ካርቶን መሐል፣ ያንኑ ግራጫ ካፖርት ለብሰው ጠበቁኝ። እጄን ታጠብኩ። ምልክት ሲያደርጉ ፊቴን ወደ ካርቶኖቹ አዞርኩ። አሽገው፣ ፈርመው ሰጡኝ። ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፤ ቀናቸው ልክ፣ ዓመታቸው ልክ። ደስ እያለኝ ለምስክር ወደተተወው መስመር ብዕሬን አወረድኩ፤ እንደ ልማዴም የምጽፈውን ጮክ ብዬ «ጥቅምት…» አልኩ።

አንድ ትልቅ ጣት መጥታ መስመሩ ላይ አረፈች።

«ኸይሪያ» አሉ ሐጂ፣ «በነሱ ስንት ነው?»

ብዕሬ ወረቀቱን አልነካም ነበር። እሳቸው እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ አስገብተው አንዲት ወረቀት አወጡና ፊቴ አስቀመጡ። ጠዋት ራሳቸው በወፍራም ማርከር የጻፏት ናት፤ የዕለቱ ቀን፣ በነሱ፣ በትልልቁ። እያየሁ ገለበጥኩ። ሐጂ ፖስታውን ከእጄ ወሰዱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከታች ጀምረው አነበቡት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በቃ፣ አሁን ገና ጡረታ ወጣሽ» አሉኝ።